መስቀሉን ከማን እጅ ተቀበልከው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ አለች። ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ቀን ሱሪዋን ከፍ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን አሳየችኝ፤ የላሊበላ መስቀል ተነቅሳለች። ቅርፊቱ ገና ረግፎ አላለቀም። «የአገርህ ነው አይደል?» አለችኝ ደስ ብሏት። የእኔ ዐይን ግን መስቀሉን አልፎ ጫማዋ ላይ ነው ያረፈው። ግንባራችንን አስነክተን በከንፈራችን የምንሳለመው መስቀል እግር ላይ! ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን ለባለቤቴ «ባህላችንን ዘረፉት» እያልኩ ሳማርር አመሸሁ።

«ዘረፉት» የምትለው ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ዝርፊያ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ተሰርቆ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ የተመለሰልን በ2001 ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን መስቀሏን አጥታ ነበር። ይህቺ ልጅ ግን ምን አጎደለችብን? ከመቅደሱ የወጣ ነገር የለም። ታዲያ ምኑ ነው ያመመኝ?

አያቴ ግንባሯ ላይ መስቀል ነበራት። ጥላሸት በመርፌ ተወግቶ የገባበት፣ በእርጅናዋ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ከግንባሯ መስመር ጋር አብሮ የተጨማደደ። ማንም እንዲያደንቅላት አልነበረም። ገበያ ብትወጣ፣ ልቅሶ ብትደርስ፣ የማን እንደሆነች ሳትናገር ይታወቃል፤ ረቡዕና ዓርብ በጠዋት እህል ብትቀምስ መጀመሪያ የሚከሳት ግንባሯ ነው። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል የሚነቀሱት የግብፅ ክርስቲያኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ያንን እጅ ኪስ ውስጥ መክተት ይቻል ይሆናል፣ መካድ ግን አይቻልም። ያመመኝ ይህ ይመስለኛል። ምልክቱ ሄደ፣ ዕዳው እኛ ጋ ቀረ።

መዝሙረኛው ምን ይላል? «ወወሀብኮሙ ትእምርተ ለእለ ይፈርሁከ»፤ ለሚፈሩህ ምልክትን ሰጠሃቸው። «ወሰዱ» አይልም፣ «ሰጠሃቸው» ነው የሚለው። ምልክት የሚሰጥ ነገር ነው። ሰጪ አለው፣ ተቀባይም አለው፤ በመካከላቸው ደግሞ ፍርሃተ እግዚአብሔር አለ።

ኢየሩሳሌም የተሳለሙ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። በአሮጌው ከተማ የራዙክ ቤተሰብ የሚባሉ ከግብፅ የመጡ ነቃሾች አሉ። ሥራው 700 ዓመት በዘራቸው እንደቆየ ይናገራሉ። ከእንጨት የተቀረጹ የቆዩ ማኅተሞች አሏቸው፤ ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ክንድ ላይ ያሳርፉና በዚያው መስመር ይነቅሳሉ። አርመኑም፣ ሶርያዊውም፣ ኢትዮጵያዊውም ከአንድ እጅ ይቀበላል። መቼም የአርመን መስቀል ነው፣ የእኛ ነው ብሎ የሚጣላ የለም፤ ሁሉም ደክሞ፣ ጎልጎታን ተሳልሞ ነው የመጣው። ከስልክ ላይ ሥዕል መርጦ መነቀስና ይህ አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ መስቀል ባልሆነበት ቦታም ቢሆን ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች «ሞኮ» የሚሉት ንቅሳት የተነቃሹን የዘር ሐረግ የሚናገር ነው። ከእነሱ ወገን ላልሆነ ሰው የሚሠሩት ደግሞ «ኪሪቱሂ» ይባላል። ውበቱን ሰጥተው የአያቶቻቸውን ስም ያስቀራሉ ማለት ነው። ብልህነት ነው።

ግን ለመፍረድ አንቸኩል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ የቡድሃን ምስል ተነቅሳ ስሪላንካ ብትገባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘች፣ ከአገርም ተባረረች። ሴትዮዋ ግን ራሷ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበረች። ከ3 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ቆዳ አይተው ልብን ያነበቡ መስሏቸው ነበር።

ደግሞ እኛስ? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ እጁ ላይ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚናገር ምልክት እንዲያደርግ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። በትእዛዝ ነው እንግዲህ። ወደ እስራኤል ከገቡት የቤተ እስራኤል እናቶች መካከል በክርስቲያን ጎረቤት መሐል ሲኖሩ የተነቀሱት መስቀል ግንባራቸው ላይ የቀረ አሉ፤ በሻሽ የሚሸፍኑት፣ በሌዘር ያስጠፉትም አሉ። ያላመኑበትን ምልክት ተሸክመው መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ እነሱን መጠየቅ ነው። ስለተወሰደብን ስናወራ፣ በሰው ገላ ላይ ስለጫንነውም እናውራ።

«መነቀስ ራሱስ ይፈቀዳል ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ዘሌዋውያን 19፥28 ስለ ሞተ ሰው ገላን መንጨትንና መነቀስን ይከለክላል፤ ብዙ አባቶችም ዛሬ ወጣቱን አይመክሩም። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ እዚህ አልወስንም። ቅዱስ ጳውሎስ «የኢየሱስን ማኅተም በሥጋዬ ተሸክሜአለሁ» ሲል ግን መርፌ የነካው ሰው አልነበረም። አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ ተገርፏል፣ በበትር ተደብድቧል፣ በድንጋይ ተወግሯል። የእሱ ንቅሳት ሰንበር ነው።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ከሳምንታት በኋላ በምሳ ሰዓት ሥዕሉን በስልኳ አጉልታ «ይቺ ከታች ያለችው ምን ማለት ናት?» አለችኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የተሳለምኩት መስቀል ነው፤ አላውቅም ነበር። «እሁድ ካህኑን ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት። አብሬህ ልምጣ አለች።

የባለቤቴን ነጠላ ተውሳ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ፣ አጠገባችን ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ቁርጭምጭሚቷን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቀስ ብለው «ምነው ልጄ፣ እግርሽ ላይ?» አሏት። ተረጎምኩላት፤ ለምን እንደሆነም አብሬ ነገርኳት።

ጫማዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ያን ቀን ሳሳይህ ለምን አልነገርከኝም?»