አስገድዶ መሰወር ምንድን ነው?

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ማክሰኞ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን የቺሊ ጦር የፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አሌንዴን መንግሥት ገለበጠ። ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱን በአውሮፕላን ከመደብደባቸው በፊት ሬዲዮ ጣቢያዎችን መቱ። የመንግሥት ደጋፊ የነበሩ ጣቢያዎች አንቴናቸው በቦምብ ተመታ። አሌንዴ ሕዝቡን የተሰናበተው እስከ መጨረሻው በቆየው በራዲዮ ማጋያኔስ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያውም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የወታደር ማርሽና መግለጫ ሆነ።

መግለጫዎቹ ቁጥር ነበራቸው። ቁጥር 10 የስም ዝርዝር ነው። ስማችሁ የተጠራ ሁሉ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እስከ 10 ሰዓት ተኩል መከላከያ ሚኒስቴር ቀርባችሁ እጃችሁን ስጡ ይላል። በየክፍለ ሀገሩም የአካባቢው ሬዲዮ እንዲሁ ስም ይጠራ ጀመር። ብዙ ሰው በገዛ እግሩ ሄደ። ያጠፋው ነገር የሌለ ሰው ምን ብሎ ይሸሻል?

ከሄዱት ውስጥ እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉ። ሚስት ምግብና ብርድ ልብስ ይዛ በማግስቱ ትሄዳለች። «እዚህ የለም» ትባላለች። ወደ ሌላ ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያም የለም። ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ሬሳ ክፍል ትሄዳለች። በመጨረሻ «እንዲህ የሚባል ሰው ጭራሽ አልያዝንም» ይሏታል። ስሙን በሬዲዮ በጆሮዋ ሰምታለች እኮ!

አስገድዶ መሰወር የምንለው ይህንን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2006 ያጸደቀው ስምምነት ትርጉሙን በግልጽ አስቀምጦታል። መንግሥት ራሱ፣ ወይም መንግሥት የፈቀደለት፣ የደገፈው ወይም አይቶ ዝም ያለው አካል አንድን ሰው ይይዛል። ከዚያ መያዙን ይክዳል፣ ወይም ያለበትን ይደብቃል። በዚህም ሰውየው ሕግ ሊደርስለት ከሚችልበት ቦታ ይወጣል። መታሰር ብቻውን፣ ያለ ፍርድም ቢሆን፣ ገና መሰወር አይባልም። መሰወር የሚያደርገው ክህደቱ ነው። ስምምነቱ ሰበብም አይቀበልም። ጦርነት ነበር፣ አገር ታውኮ ነበር ማለት አያዋጣም።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ተሰወረ» ለቅዱሳንም ይባላል። «ደብዛው ጠፋ» ስንልም ሰውየው በራሱ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ «አስገድዶ» የምትለዋን ቃል ባንጥላት ደስ ይለኛል። የሰወረው ሰው እንዳለ የምታስታውሰን እሷ ናት።

በቺሊ ክህደቱ እንደ መደበኛ ሥራ ተይዞ ነበር። በ1974 ዲና የሚባለው ሚስጥራዊ ፖሊስ በአዋጅ ተቋቋመ። የቤተ ክርስቲያን ጠበቆች የታሰረው ሰው ይቅረብ እያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች አስገቡ። ፍርድ ቤቶቹ ሁሉንም ማለት ይቻላል ውድቅ አደረጉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አልያዝኩም ካለ ለዳኛው ነገሩ አለቀ። በ1975 ደግሞ የቺሊ ተወካይ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ፣ ጠፉ ከተባሉት ብዙዎቹ በሕግ የማይታወቁ፣ ጭራሽ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው አለ። በዚያው ዓመት የ119 የተሰወሩ ሰዎች ስም በአርጀንቲናና በብራዚል በታተሙ ሁለት ጽሑፎች ላይ ወጣ። ውጭ አገር እርስ በርስ ተጋድለው አለቁ ተባለ። የአርጀንቲናው መጽሔት ከዚያ አንድ እትም በቀር ታትሞ አያውቅም። ይሁን እንጂ አንድ የሳንቲያጎ ጋዜጣ ወሬውን ተቀብሎ «እንደ አይጥ ተጨፈጨፉ» የሚል ርዕስ ሰጠው። እናቶቻቸው ይህንን ገዝተው አነበቡ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚያ 1978 መጣ። ሎንኬን በሚባል ቦታ ከአሮጌ የኖራ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ የ15 ሰዎች አፅም ወጣ። በኦክቶበር 1973 ፖሊስ ከኢስላ ደ ማይፖ የያዛቸው ገበሬዎችና ወጣቶች ነበሩ። አንድ አባት ከአራት ወንድ ልጆቹ ጋር እዚያ ውስጥ ነበር። «ያልነበሩ ሰዎች» አፅም ተገኘላቸው።

በእነዚህ ዓመታት ሬዲዮ ሌላም ሥራ ነበረው። ከሞስኮ በአጭር ሞገድ «ቺሊ አድምጪ» የሚል የስፓኒሽ ዝግጅት ይተላለፍ ነበር። ስደተኛ ቺሊያውያን ጋዜጠኞች ይሠሩበታል። የታሰሩና የጠፉ ሰዎችን ወሬ፣ አገር ቤት የማይነገረውን ሁሉ ይናገራል። ሰው በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ያዳምጠዋል። ሞስኮ ስለ ራሷ እስረኞች እንዲህ እንዳልተናገረች አውቃለሁ፤ መባልም አለበት። ግን ባሏን «አልያዝነውም» ለተባለች ሴት ስለ ታሳሪዎች የሚያወራ ድምፅ መስማት ትንሽ ነገር አይደለም።

መሰወር ከግድያ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ሬሳ ሲኖር ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ እርም ይወጣል። ሬሳ ከሌለ ግን ማልቀሱ ራሱ ክህደት ይመስላል፤ ሰውየው በሕይወት ካለስ? ለዚህ ነው ስምምነቱ ቤተሰቡንም ተጎጂ ብሎ የሚጠራው፤ እውነቱን የማወቅ መብትም የሰጠው።

ሕጉ ይህንን ያላለቀ ነገር «ቀጣይ ወንጀል» ይለዋል። ነገሩ የጠበቆች ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በቺሊ ግን በር የከፈተው ይኸው ሐሳብ ነው። የጦሩ መንግሥት በ1978 ለራሱ ሰዎች ምሕረት አውጆ ነበር። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ቀን እስከ ማርች 10 ቀን 1978 የተፈጸመውን ይሸፍናል። እንደ ሁዋን ጉስማን ያሉ ዳኞች በኋላ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ፦ ሰውየው የት አለ? በሕይወትም ሬሳውም ካልተገኘ እገታው አላበቃም። ካላበቃ በ1978 አልቆመም፤ ምሕረቱም አይሸፍነውም። በ2004 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዲናው አለቃ በማኑኤል ኮንትሬራስ ላይ የተላለፈውን የእገታ ፍርድ ሲያጸና ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። የካዱት ነገር ዞሮ እነሱኑ ያዛቸው።

በዚያው በ2004፣ በዳኛ ጉስማን ትእዛዝ፣ ጠላቂዎች ከኪንቴሮ ባሕር ዳርቻ ራቅ ካለ ውሃ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ብረቶች አወጡ። የእስረኞች ሬሳ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ታስሮ ከሄሊኮፕተር ይጣል ነበር። ሬሳ የለም፤ ብረቱን ዝገትና ቀንድ አውጣ ሸፍኖታል። በአንደኛው ብረት ላይ ግን ዝገቱ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ የሸሚዝ ቁልፍ ተገኘ። አሁን ያ ቁልፍ ቪያ ግሪማልዲ ይታያል፤ ድሮ የዲና ማሰቃያ የነበረው ግቢ ነው።

በ2023 የቺሊ መንግሥት ፍለጋውን የራሱ ግዴታ የሚያደርግ ብሔራዊ ዕቅድ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ዋናዎቹ ፈላጊዎች ቤተሰቦች ነበሩ። በሰሜን ቺሊ በካላማ ከተማ በወታደሮች የተገደሉ 26 ወንዶች ሚስቶችና እህቶች ለ17 ዓመት ያህል የአታካማን በረሃ በአካፋ ሲቆፍሩ ኖረዋል። በ1990 ያገኙት የአጥንት ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ሬሳዎቹን ወታደሮች ቀድመው አውጥተው ወስደዋቸዋል። ዕቅዱ የያዘው የ1,469 ሰዎችን ስም ነው። ያኔ አፅማቸው ተለይቶ የታወቀው የ307ቱ ብቻ ነበር። የቀሩትን ሲጠብቁ ከነበሩት እናቶች ብዙዎቹ አርፈዋል። አሁን የሚጠብቁት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።