ሰማያዊ ሆነ ማለት አሞኒያ ሠራችሁ ማለት አይደለም

«ናይትሮጅን ከአየር፣ ውኃ ከቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ ከፀሐይ፤ አሞኒያ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» አሞኒያን (የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ውህድ) በኤሌክትሪክ ስለመሥራት ይህን መስማት ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ናይትሮጅን ሞልቷል፣ ስለዚህ ቀላል ነው።» አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ እውነት። ግን የሁለቱን አተሞች የሦስትዮሽ ቦንድ ለመበጠስ በሞል 945 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ናይትሮጅን ደግሞ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪኩን ለፈሳሹ የሚያቀብለው) ዙሪያውን ውኃ ስለሚያገኝ ኤሌክትሮኖቹን ሃይድሮጅን ሲሠራባቸው ይውላል።

«የሀበር-ቦሽ (ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን በሙቀትና በግፊት አዋህዶ አሞኒያ የሚሠራው የፋብሪካ ሂደት) ጥፋቱ ሙቀቱና ግፊቱ ነው።» አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣው ሃይድሮጅኑ ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ሲወጣ ነው። ሃይድሮጅኑን በንጹሕ ኤሌክትሪክ ከውኃ ካወጣችሁት፣ ያው የድሮው ሂደት ይጸዳል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በውኃ ኃይል አድርጋዋለች።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሴሉ (ኤሌክትሮዶቹና ፈሳሹ ያሉበት ዕቃ) ውስጥ አሞኒያ ከተገኘ፣ ከናይትሮጅኑ ነው የተሠራው።» ኧረ በፈጣሪ! አሞኒያ የሌለበት ቦታ የት አለና? ትንፋሻችን ውስጥ አለ። የቤተ ሙከራው አየር ውስጥ አለ። ጓንት ላይ፣ ሴሉን ለሁለት በሚከፍለው ስስ ሽፋን፣ በሜምብሬኑ ውስጥ አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ጋዝም ትንሽ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሊይዝ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከናይትሮጅን ይልቅ እጅግ በቀላሉ አሞኒያ ይሆናል። እናንተ የምትለኩት እንግዲህ ጥቂት ማይክሮሞላር፣ ማለትም እጅግ ኢምንት መጠን ነው።

እኔም ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት ናሙናዬ ላይ አሞኒያ ሲያገኝ ሰማያዊ የሚሆነውን የኢንዶፌኖሉን መመርመሪያ ጨምሬ ስጠብቅ ፈሳሹ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ሦስት ሳምንት ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ ናይትሮጅኑን ዘግቼ በምትኩ አሞኒያ ሊሆን የማይችል ጋዝ፣ አርጎን ነፋሁበት። ያው ሰማያዊ! ለካ ሜምብሬኑ ከቀደመው ሙከራ አሞኒየም (አሞኒያ ውኃ ውስጥ የሚይዘው መልክ) ጠጥቶ ኖሮ ቀስ እያለ ይተፋው ነበር።

የአርጎን ሙከራ ብቻውንም አይበቃም፤ ከናይትሮጅን ሲሊንደሩ የሚመጣውን ቆሻሻ አያሳይማ። ናይትሮጅን-15 በሚባለው አይሶቶፕ (ከበድ ያለ የናይትሮጅን ዓይነት ስለሆነ ከእሱ የተሠራው አሞኒያ ይለያል) ድገሙት፤ እሱንም መጀመሪያ አጽዱት፣ ራሱ አሞኒያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መጠኑ በተለመደው ናይትሮጅን ካገኛችሁት ጋር መግጠም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት እንዲህ ጥብቅ አድርጎ ሲፈትን፣ በውኃ ውስጥ ተስፋ የተጣለባቸው ንጹሕ ብረቶች አልተሳካላቸውም። ፈተናውን ያለፈው ሊቲየም ነው፤ እሱም በውኃ ሳይሆን ቴትራሃይድሮፉራን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ።

«እንግዲያው ሊቲየም ገላገለን።» ቆይ! ኤሌክትሮኖቹ በሙሉ አሞኒያ ላይ ቢውሉ እንኳ ሊቲየምን ከፈሳሹ በብረትነት ለማውጣት ወደ 3 ቮልት ገደማ አሉታዊ መውረድ አለባችሁ፤ ያ ኃይል ደግሞ አብዛኛው በከንቱ ይሄዳል።

«ባክቴሪያዎች ያለ ሙቀት ይሠሩታል» ለሚሉኝም፦ ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል 16 ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ያቃጥላሉ፣ እግረ መንገዳቸውንም ሃይድሮጅን ይለቃሉ።