አበቅቴ ምንድን ነው? የተደነገገ፣ የተለካ እና ግድ የሆነ ቁጥር

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን የጾምና የበዓል ማውጫ ስሌት ነው፤ አበቅቴ በውስጡ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፈውን ቀን የሚይዝ ቁጥር፣ መጥቅዕ ደግሞ የወር ቀን ሆኖ የሚያገለግል ጓደኛው ነው። «መጥቅዕና አበቅቴ በየትኛውም ዓመት ሲደመሩ 30 ናቸው። ሒሳብ የሰው ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይገጥም ነበር?» የሚለው ሙግት መስከረም በጠባ ቁጥር ይሰማል። ተከራካሪው ሒሳብ የተገኘ እንጂ የተፈጠረ አይደለም ለማለት ነው። ይበል፤ ግን ማስረጃ ብሎ የመዘዘው ቁጥር በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለዚህ ክርክር የማይረባው ነው።

አሠራሩ ይኸው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ይገደፋል፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል፤ ከቀሪው ላይ «አሐደ አዕትት ለዘመን» ተብሎ 1 ይነሣል፤ የተረፈው ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል። 2016ን እንውሰድ፦ 7516 በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ወንበር 10። ከ110 ሠላሳዎቹ ሲወጡ አበቅቴ 20፣ ከ190 ሲወጡ መጥቅዕ 10። ድምር 30።

ታዲያ 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩስ? እነሱም 30። አንድን ወንበር በ11ም በ19ም አባዝቶ ውጤቶቹን መደመር ወንበሩን በ30 ማባዛት ነው፤ ያ ደግሞ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። ነገሩ ይኸው ነው። በ13 እና በ17 ብናባዛም ድምሩ ያው 30 በሆነ ነበር፤ ጾሙና በዓሉ ግን ቦታቸውን ይስቱ ነበር። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ ድሜጥሮስ ያዘው በሚባለው ሱባዔም (አንዱ ሱባዔ 7 ቀን ነው) እንዲሁ ነው፦ የሌሊቱ 23 ሱባዔ በ7 ሲባዛ 161፣ ሲገደፍ 11፤ የቀኑ 7 ሱባዔ በ7 ሲባዛ 49፣ ሲገደፍ 19። 23 እና 7ም 30 ናቸው። ትውፊቱን ማክበር ሌላ፣ ከመደመር ተአምር መጠበቅ ሌላ።

ደግሞስ «በየትኛውም ዓመት» ሲባል 2006 ተረስቷል። 7506 በ19 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ 1 ሲነሣለት ወንበር 0። አበቅቴ 0፣ መጥቅዕም በስሌቱ 0፤ ድምራቸው 30 አልሆነም። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ መጥቅዕን 30 ብለው ይይዛሉ። ልክ ናቸው፤ መጥቅዕ የወር ቀን ሆኖ ስለሚያገለግል፣ 0 የሚባል ቀን ደግሞ ስለሌለ። ይህን ደንብ ሳያውቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «ጥቅምት 0»ን ፍለጋ ይገባል። እንግዲህ ተከራካሪያችን ከሰማይ ወረደ የሚለው 30፣ በየ19 ዓመቱ አንዴ በሰው ደንብ የሚሞላ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ «አያችሁ፣ ሁሉም ስምምነት ነው» የሚል አለ። እሱም አላስተዋለም። ሸማኔን አስቡ። ጥለቱን በየ4 ማጉ አንዴ ቀይ፣ በየ7 ማጉ አንዴ ቢጫ ሊያስገባ ወሰነ። 4 እና 7ን የመረጠ እሱ ነው፤ የሚከለክለው የለም። ቀዩና ቢጫው እኩል የሚያርፉት ግን በ28ኛው ማግ ላይ ነው፤ ይህን አልመረጠም፣ በ26ኛው ይሁንልኝ ቢልም አይሆንለትም። የቀሚሱ ቁመትስ? ያንን አይመርጥም፣ አያሰላምም፤ ከለባሿ ላይ ይለካል። «ተገኘ ወይስ ተፈጠረ» የሚለው ጥያቄ የሚያወዛግበው ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ሒሳብ ስለሚል ነው።

5500 የሸማኔው ምርጫ ነው። 5500 በ19 ሲገደፍ 9 ይተርፋል፤ ለወንበሩ የሚሠራው ያ 9 ብቻ ነው። 5500ን ትቶ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 8 ደምሮ በ19 የገደፈ ሰው ያንኑ ወንበር ያገኛል፦ 2024 በ19 ሲገደፍ 10። የሳምንቱ 7 ቀንም ከሰማይ የተነበበ ዑደት አይደለም፤ የጥንት ሮማውያን የገበያ ሳምንት 8 ቀን ነበረው።

ጨረቃ በፀሐይ ዓመት ወደ ነበረችበት ቀን የምትመለስበት 19 ዓመት ግን የልክ ጉዳይ ነው። የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስተዋወቀው፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። ሁሉም ያንኑ ጨረቃ ስላዩ ያንኑ ቁጥር አገኙ፦ 235 የጨረቃ ወሮች 6939.69 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ አንድ ጳጉሜን 6 የሚሆንበት 19 ዓመት 6939.75 ቀን። አበቅቴ በየዓመቱ በ11 የሚጨምረውም የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከጨረቃ ዓመት 354 ቀን በ11 ስለሚበልጥ ነው። 19 ጊዜ 11 ግን 209 ነው፤ 210 ቢሆን ኖሮ በ30 ያለ ቀሪ በተገደፈ። ስለዚህ ከወንበር 18 ወደ 0 ሲዞር አበቅቴው ከ18 ወደ 30 ማለትም ወደ 0 ይዘላል፦ በ11 ሳይሆን በ12። ልኩ ከክፍልፋይ ጋር ስለሆነ ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ መዝለል አለበት።

ግድ የሆነው ቁጥር ዐውደ ፀሐይ፣ የሳምንቱ ዕለትና የወሩ ቀን አንድ ላይ የሚመለሱበት 28 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ግን የሸማኔው ምሳሌ ይበጠሳል፤ የእሱ 4 እና 7 ሁለቱም ማግ ናቸው፣ የእኛ 4 ዓመት፣ 7 ደግሞ ቀን። «4 ጊዜ 7 ነዋ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስንፍና ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ 4 ዓመት 1461 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 5 ይተርፋል። መስከረም 1 በየ4 ዓመቱ 5 ዕለት ይገፋል ማለት ነው። 5፣ 10፣ 15 እያለ በ7 የሚካፈለው 35 ላይ፣ ማለትም በሰባተኛው አራት ዓመት ነው፤ 28። ሳምንቱን 9 ቀን እናድርገው፦ 1461 በ9 ሲገደፍ 3 ይተርፋል፤ 3 ጊዜ 3 በ9 ስለሚካፈል ሁሉም በ12 ዓመት ይመለሳል። 4 ጊዜ 9 ነው ብሎ 36 የጠበቀ ሰው ተሳስቷል። 9ን እኛው ደነገግን፤ 12ትን ግን ማንም አልደነገገም።

ጂኦሜትሪም እንዲሁ ነው። ሎባቼቭስኪ በ1829 የትይዩ መስመሮችን ድንጋጌ በሌላ ለወጠ፤ በአዲሱ ድንጋጌ የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር ከ180 ዲግሪ ማነሱን ግን እሱ አልወሰነም። «ተገኘ» የሚለው ቃል በሒሳብ ውስጥ የሚገባው ቦታ ካለ እዚህ ነው። ያ 12 እኛ ከማስላታችን በፊት የት ነበር የሚለውን ፈላስፎች ይከራከሩበት፤ በማካፈል የሚፈታ አይደለም።

የተለካውና ግድ የሆነው መለያየታቸው በ532ቱ ዐቢይ ቀመር፣ በ28 ጊዜ 19 ላይ ይታያል። ድንጋጌው እስካልተለወጠ ድረስ 28 አንዲት ሰዓት አይዛነፍም። 19 ግን በአንድ ዙር 0.06 ቀን ያህል ይተርፈዋል፤ ይህ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። እናም በ532 ዓመት «ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል» ሲባል ዕለቱና ወንጌላዊው በልካቸው ይመለሳሉ፤ የሰማይዋ ጨረቃ ግን ከስሌቱ 1.7 ቀን ያህል ቀድማ ትገኛለች።