ሮቴተር ካፍ ምንድን ነው? የተጎዳ ትከሻ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያገግመውስ እንዴት ነው?

የኤምአርአይ ውጤት ላይ «የሮቴተር ካፍ ጅማት ተቀዷል» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያስበው መስፋትን ነው። የተቀደደ ጨርቅ ካልተሰፋ ቀዳዳው አይጠፋምና፣ ጅማትም እንዲሁ ይመስላል። ትከሻ ላይ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቀዳዳው እንዳለ ሆኖ ሕመሙ ሊጠፋ፣ ክንዱም እንደ ቀድሞው ሊሠራ ይችላል። ያለ ቀዶ ሕክምና ማገገም የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ነው፦ ጅማቱን መግጠም ሳይሆን፣ የቀሩት ጡንቻዎች ሸክሙን እንዲረከቡ ማሠልጠን።

ሮቴተር ካፍ የአራት ጡንቻዎችና የጅማቶቻቸው የጋራ ስም ነው፤ እነሱም ሱፕራስፒናተስ፣ ኢንፍራስፒናተስ፣ ቴሬስ ማይነር እና ሰብስካፑላሪስ ይባላሉ። አራቱም የሚነሡት ከላይኛው ጀርባ ላይ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ነው። ጅማቶቻቸው የክንዱን አጥንት ክብ ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈው ይይዙታል። የመገጣጠሚያው ጎድጓዳ ክፍል ትንሽና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ክንዳችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ በዚያው ልክ ግን የክንዱን ራስ አጥብቆ የሚይዝለት አጥንት የለም። ትልቁ የትከሻ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ፣ ክንድን ወደ ላይ ሲስብ የአጥንቱ ራስም አብሮ ወደ ላይ መንሸራተት ይፈልጋል። ወደ መሃል ጨምቀው የሚያስቀሩት እነዚህ አራቱ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ከላይ በኩል ያለው የሱፕራስፒናተስ ጅማት ነው።

ምልክቱ ሰውን ያሳስታል። ሕመሙ የሚሰማው ትከሻው ጫፍ ላይ ሳይሆን ወረድ ብሎ በክንዱ ውጫዊ ጎን ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ክንዱን እያሸ ይከርማል። ክንድን ወደ ጎን ሲያነሡ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ክልል ያምምና ከዚያ በላይ ይቀልላል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም። ልብስ ለመልበስ እጅን ወደ ኋላ መስደድም ያስጨንቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ

የመጀመሪያው፣ ችግሩ በእርግጥ የሮቴተር ካፍ ነው ወይስ የደረቀ ትከሻ (ፍሮዝን ሾልደር)? ክርንዎን ከጎንዎ ጋር አጣብቀው 90 ዲግሪ አጥፈው ይያዙና ሌላ ሰው እጅዎን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ያዙረው። እርስዎ ማዞር ቢያቅትዎትም እሱ ማዞር ከቻለ ጥርጣሬው ወደ ጅማቱ ያመዝናል። ለእሱም እንቢ ካለ፣ በተለይ የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ደርቆ ሊሆን ይችላል። የዚያ ሕክምና ሌላ ነው፤ ጉልበት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ቶሎ ከተጀመረ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው፣ እቤት የሚታከም ነው ወይስ አይደለም? ወድቀው ወይም ከባድ ነገር ድንገት ስቦዎት ከዚያች ቀን ጀምሮ ክንድዎን ማንሣት ካልቻሉ፣ ወራት አይጠብቁ። በአደጋ በአንድ ጊዜ የተበጠሰ ጅማት ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ውጤቱ የሚያምረው ቀደም ብሎ ሲሠራ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ጅማቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጡንቻውም በስብ ይተካል። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ትከሻው የወለቀ ሰው ከተመለሰለት በኋላም ጅማቱ መታየት አለበት። የቅርጽ መበላሸት፣ ትኩሳትና ቅላት፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም መስነፍ ካለ ሐኪም ዘንድ ነው መሄድ። ከደረት መጨነቅ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የትከሻ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ነው ቦታው።

ከእነዚህ ውጭ ላለው፣ በተለይ ያለ አደጋ ቀስ በቀስ ለመጣ ሕመም፣ ማስረጃው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ያለ አደጋ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተቀደደ 452 ሰዎችን በፊዚዮቴራፒ (በባለሙያ በሚመራ የእንቅስቃሴ ሕክምና) ጀምሮ ለሁለት ዓመት ተከታትሏል፤ ቀዶ ሕክምና የመረጡት ከ25 በመቶ ያነሱ ነበሩ። የመረጡትም በአብዛኛው የወሰኑት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በኋላ የወጣ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ማን ወደ ቀዶ ሕክምና እንደሚሄድ ከሁሉ በላይ የሚጠቁመው ሰውየው ፊዚዮቴራፒ ይሠራልኛል ብሎ መጠበቁ ወይም አለመጠበቁ ነበር። ምስሉን ብቻ አይቶ መፍራት ተገቢ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆነ ሰዎች ዘንድ ምንም ሕመም ሳይኖር የተቀደደ ጅማት መገኘቱ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

እዚህ ዓላማው ሕመሙን ማብረድና መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ክንድን በጨርቅ አንጠልጥሎ ማቆየት ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ሳምንታት ከቆየ ግን ትከሻውን ያደርቀዋል። ከራስ በላይ ማንሣትን፣ ክንድን ዘርግቶ ዕቃ መያዝንና በታመመው ጎን መተኛትን ይተዉ። በጀርባ ሲተኙ ክንዱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ከክርኑ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ያስገቡ። በደኅናው ጎን ከተኙ ደግሞ ትራስ ይቀፉ።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በደኅናው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ፣ የታመመውን ክንድ ልቅ አድርገው ያንጠልጥሉት፣ ሰውነትዎን እያወዛወዙ ክንዱ በራሱ እንዲወዛወዝ አንድ ደቂቃ ያህል ይተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ክንዱን በጡንቻ ያሽከረክራል፤ ያን ጊዜ ጥቅሙ ይቀራል። ከዚያ በጀርባ ተኝተው በሁለት እጅ ዱላ ይያዙና ደኅናው እጅ እየገፋ ሁለቱንም ወደ ራስ በላይ ያንሡ፤ 10 ጊዜ።

ግድግዳን መግፋትም ከዚሁ ጊዜ ይጀመራል። ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ ከጎን ተጣብቆ፣ በእጅ ጀርባ በኩል የታጠፈ ፎጣ ግድግዳው ላይ ተደርጎ፣ ከጉልበትዎ አንድ ሦስተኛ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ለ30 ሴኮንድ ይግፉ፤ አንድ ደቂቃ አርፈው አምስት ጊዜ ይድገሙ። ክንዱ አይንቀሳቀስም፣ ጡንቻው ግን ይሠራል። ብዙ ሰዎች ከዚህ በኋላ ሕመሙ ለተወሰነ ሰዓት ጋብ ይልላቸዋል።

ጉልበት የሚመለስበት ጊዜ

ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የመለጠጫ ላስቲክ ይገባል። ዋናው እንቅስቃሴ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ላስቲኩን በክርንዎ ቁመት በር እጀታ ላይ ያስሩ፣ ደኅናውን ጎንዎን ለበሩ ሰጥተው ይቁሙ፣ በክርንዎና በጎድንዎ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ። ፎጣው ከወደቀ ክርንዎ ከጎንዎ ርቋል ማለት ነው። እጅዎን ከሆድዎ ወደ ውጭ ይውሰዱ፤ ሲመልሱ ቀስ ብለው፣ ሦስት ሴኮንድ ያህል ፈጅተው። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት። ወደ ውስጥ ማዞርንና ላስቲኩን ከፊት ለፊት ወደ ሰውነት መሳብን በዚሁ መጠን ይጨምሩ። ላስቲክ ከሌለ በደኅናው ጎን ተኝተው በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ማድረግ ይቻላል፤ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ለመጀመሪያ ይበቃል።

15 ጊዜውን ሦስት ዙር በተከታታይ ሁለት ቀን ያለ ችግር ከጨረሱ ብቻ ክብደት ይጨምሩ። ሕመምን በተመለከተ ከ10 ሲመዘን እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም አይጎዳም፤ ዋናው በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ከነሣዎት መጠኑ በዝቷልና ይቀንሱት እንጂ አያቋርጡት።

ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ሳምንት ክንድን ማንሣት ይጀመራል፤ በቀጥታ ወደ ጎን ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አዘንብሎ፣ አውራ ጣትም ወደ ላይ ሆኖ። አውራ ጣት ወደ ታች ከሆነ ያው ክብደት ብዙ ጊዜ የበለጠ ያሳምማል። ግድግዳ ላይ ፑሽአፕ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ወለል ላይ። ከራስ በላይ የሚደረግ ከባድ ሥራና ውርወራ ከ12 ሳምንት በፊት ባይቸኮልበት ይሻላል።

የሚያበላሹት ነገሮች

በጣም የሚዘወተረው ስሕተት ትከሻን ወደ ጆሮ መሰብሰብ ነው። ክንድ ከፍ ያለ ይመስላል፣ የሠራው ግን የአንገት ጡንቻ ነው። መስታወት ፊት ቆመው ይሥሩ፤ ትከሻው ከተነሣ ክብደቱን ያቅልሉ። ሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ሲቀንስ ማቋረጥ ነው። ሕመም ከጉልበት ቀድሞ ይሻላል፤ ስለዚህ ያቆመ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ማሸትና ሙቀት ማድረግ ደስ ይላሉ፣ ነገር ግን ብቻቸውን ጡንቻ አያጠነክሩም።

የኮርቲዞን መርፌ ሌሊት የማያስተኛ ሕመምን ለሳምንታት ሊያቀልል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 708 ሰዎችን ይዞ እንዳሳየው፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን መርፌ በተወጉትና ባልተወጉት መካከል ልዩነት አልነበረም። በዚያው ጥናት አንድ ጊዜ በደንብ ተመክረው እቤት የሠሩ ሰዎች፣ በባለሙያ ክትትል ከሠሩት ጋር እኩል ተሽሏቸዋል። መርፌው ሲደጋገም ጅማትን ያዳክማል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ለቀናት ስኳርዎን ከፍ ያደርገዋል። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻ እንክብሎችም የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር የሚወሰዱ አይደሉም።

12 ሳምንት በአግባቡ ሠርተው ሌሊቱ ካልተሻሻለና ክንዱም ካልተነሣ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ያን ጊዜ ተገቢ ነው። ተሽሎዎትም ጅማቱ ሙሉ በሙሉ የተቀደደ ከሆነ፣ ቀዳዳው ሳያምም ሊሰፋ ስለሚችል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታይ። ከዚያ በፊትም ጉልበት ድንገት ከቀነሰ ቀጠሮውን አይጠብቁ።