ሦስት ወር የቀረው ሚስዮን

የእህቴ ልጅ በኮሮና ምክንያት ከፊሊፒንስ የስብከት አገልግሎቱ፣ ከሚስዮኑ፣ የተመለሰ ሰሞን ያረፈው እኛ ቤት ምድር ቤት ነበር። እናቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ለ14 ቀን አብሯት መኖር አይችልም። እኔ ምግቡን ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀምጥና "ና፣ ብላ!" ብዬ ወደ ላይ እሸሻለሁ። ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ልጅ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳልስመው። ለሐበሻ አክስት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የማታውን ሰሃን ላነሳ ስወርድ በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረቱ ላይ ያቺ የሚስዮናውያን ጥቁር የስም ሰሌዳ። ከወገብ በታች የቤት ቁምጣ።

"ለማን ነው እንዲህ የዘነጥከው?" አልኩት።

"ከሚስዮኑ ገና አልተለቀቅኩም እኮ፣ አክስቴ።"

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ መልስ ከብዙ ስብከት በላይ አስተምሮኛል። ግን መጀመሪያ ያን ጊዜ ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 የበላይ መሪዎቻችን፣ ቀዳሚ አመራሩና አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ በመላው ዓለም የቤተክርስቲያናችን፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ ስብሰባዎች ለጊዜው እንዲቆሙ ወሰኑ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤተመቅደሶች በሙሉ ተዘጉ። የሚስዮናውያን ማሠልጠኛው ወደ ቪዲዮ ዞረ። በዚያ ሰዓት በዓለም ዙሪያ ከ60,000 በላይ ሚስዮናውያን ነበሩን። አብዛኞቹ ገና ከቤት የወጡ ልጆች ናቸው። ወንዶቹ ለ24 ወር፣ ሴቶቹ ለ18 ወር የተጠሩ። ብዙዎቹ "ሻንጣችሁን አዘጋጁ" ተብለው በጥድፊያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከፊሊፒንስ የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሁሉ ወጡ።

እኛ አሜሪካ፣ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ያለነው ደግሞ ሌላም ነበረብን። ማርች 18 ጠዋት በሬክተር 5.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ። ቤተመቅደሱ አናት ላይ የቆመው የመልአኩ ሞሮናይ ሐውልት መለከት ከእጁ ወደቀ። ምልክት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ምልክት ማንበብ ላይ የለሁበትም። መለከቱ ወደቀ፣ መልአኩ አልወደቀም፣ አለቀ።

እሑድ ማርች 22 ኤርፖርት ሄድን። የመኪና ማቆሚያው በሰው ተጥለቅልቋል። ፊኛ የያዘ አለ፣ ባነር የያዘ አለ። መራራቅ የሚባል ነገር ማንም አላሰበም። እኔም ከመሃላቸው ነበርኩ፣ ማንንም አልወቅስም። የእህቴን ልጅ ባየሁት ጊዜ ብቻ እግሬ ቆመ፤ ከሩቅ እጄን አውለበለብኩለት። የዚያን ቀኑ ትርምስ ዜና ሆነ፣ ቁጣም አስነሳ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ፣ ያውም ከመኪና ሳይወርድ እንዲቀበል ተባለ። ተገቢ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። 21 ወር የሞላቸው ወንድ ሚስዮናውያን ከተመለሱ በኋላ እንዲለቀቁ ተወሰነ። የኛ ልጅ ልክ 21 ወሩ ነበር። ሦስት ወር ቀርቶት አለቀ ማለት ነው። ጊዜያቸው ያልደረሰው ምርጫ ነበራቸው። ሁኔታው እንደፈቀደ ወዲያው መመደብ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ መመለስ። እሱ ግን ምርጫ እንኳ የለውም።

የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስልክ በስልክ ሆነ። "ምነው በሰላም ነው? ቶሎ መጣ?" ከአረብ አገር ኮንትራቷን ሳትጨርስ የመጣች ልጅ እንዴት እንደምትታይ አይታችሁ ከሆነ፣ ያው ነው። ወረርሽኙን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ጥያቄው ከአፍ ያመልጣል። ልጁ ይሰማል። አንድ ቀን በበሩ በኩል "የግማሽ መንገድ ሚስዮናዊ ሆንኩ" አለኝ። ሊቀልድ ፈልጎ ነው። ድምፁ ግን አልቀለደም።

በሩ ላይ ተደግፌ ከቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ ከሆነው ትምህርትና ቃል ኪዳኖች 124፥49ን አነበብኩለት። ታሪኩን እናውቀዋለን። በ1831 ቅዱሳን፣ የቤተክርስቲያናችን አባላት ማለት ነው፣ ሚዙሪ፣ ጃክሰን ካውንቲ ውስጥ ቤተመቅደስ እንዲሠሩ ቦታው ተነገራቸው። በ1833 በጉልበት ተባረሩ። ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። ለስንት ዓመት ያ ነገር እንደ ዕዳ ሲቆጠቁጣቸው እንደኖረ መገመት አይከብድም። ከዚያ በጃንዋሪ 1841 ናቩ ላይ ጌታ ተናገረ። ሰዎች የታዘዙትን ሥራ በሙሉ ኃይላቸውና ባላቸው ሁሉ ለመፈጸም ከሄዱ፣ ትጋታቸውንም ካላቋረጡ፣ ጠላቶቻቸውም መጥተው ከከለከሏቸው፣ ያን ሥራ ከእጃቸው ከእንግዲህ አልጠይቅም፣ መሥዋዕታቸውን እቀበላለሁ አለ።

ይቅርታ አደርጋለሁ አላለም። "እቀበላለሁ" ነው ያለው። ይቅርታ ለጥፋት ነው፣ እዚህ ጥፋት የለም። የቀረበው መሥዋዕት፣ ጣሪያ ሳይደርስም ቢሆን፣ እንደ መሥዋዕት ተወሰደ።

ልጁ ግን ዝም ብሎ የሚቀበል ዓይነት አይደለም። "ጥቅሱ ጠላት ይላል" አለኝ። "ቫይረስ ጠላት ነው?"

ያኔ መልስ አልነበረኝም። "እሱን ጌታን ጠይቀው" ብዬ ሰሃኔን ይዤ ወጣሁ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነኝ ብዬ ያን ያህል ሸሽቼ አላውቅም። በኋላ ሳስበው ግን ጥቅሱ የሚመዝነው ከልካዩን አይደለም፣ የተከለከለውን ነው። ሄዷል ወይ? ባለው ሁሉ ሄዷል ወይ? ትጋቱን አቋርጧል ወይ? ይህች ሦስተኛዋ ቀልድ አይደለችም። ገና ኮሮና ሳይመጣ ልባቸው ቤት የገባ ልጆች ነበሩ፣ አንዋሽ። ለእነሱ ወረርሽኙ ምክንያት ሆነላቸው። ማንም በማያየው ምድር ቤት በጠዋት ተነስቶ ክራቫት የሚያስር ልጅ ግን ጥቅሱን መተርጎም አያስፈልገውም። ለብሶት ተቀምጧል።

በየአገሩ የቀሩትም አሉ። እነሱን ሳስብ ጳውሎስ ይመጣብኛል። የሐዋርያት ሥራ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሮም ገብቶ በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ! የኛ ወንዶች ልጆች የሚስዮን ዕድሜ። ያ በመርከብና በእግር ዓለምን ያካለለ ሰው ጠባቂ ወታደር ተመድቦበት ቤት ዋለ። የሚመጡትን ተቀበለ፣ ደብዳቤ ጻፈ። የኛዎቹም በተከራዩት ቤት ተዘግቶባቸው በስልክ፣ በፌስቡክ፣ በቪዲዮ አስተማሩ።

ይህን ስንናገር ግን አናሳምረው። በኢንተርኔት ተአምር ሆነ፣ ከድሮው ይልቅ ሠራን የሚሉ ምስክርነቶችን ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሆናል። ግን ከአንድ የሚስዮን ጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት መዋልን አስቡት። በር ማንኳኳት የለ፣ ቅዱስ ቁርባን ሁለት ሰው ብቻ ቁጭ ብሎ። የእህቴ ልጅ የሥልጠና ጓደኛ የነበረ አንድ ፊሊፒናዊ እንደነገረው፣ ከአዲሱ ጓደኛው ጋር በአንድ ያልታጠበ ድስት የተነሳ ሁለት ቀን ተኳርፈዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ ቀጠሮ ነበራቸው። የሚያስተምሩት ስለ ይቅርታ ነው። ካሜራው ሳይከፈት ድስቱ ታጠበ። ጳውሎስም ከወታደሩ ጋር ስንት ነገር አሳልፎ ይሆን? ሉቃስ አልጻፈልንም።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ስለ ህዳር በሽታ ስታወራ አድጌያለሁ፤ እሷም ከእናቷ የሰማችውን ነው። አገር ቤት ህዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነው በዚያ መዘዝ ነው። ያው በሽታ በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 1918፣ እዚህ ሶልት ሌክም ነበር። የቤተክርስቲያናችን ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ኖቬምበር 19 ሲያርፉ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀብር እንኳ አልተደረገላቸውም። ከዚያ ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 3፣ ራእይ አይተው ነበር። ዛሬ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች 138 የምንለው ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ልጃቸውን ቀብረዋል። የዓለም ጦርነቱ አላበቃም። በሽታው እየገባ ነው። ያዩት ግን ምን ነበር? የዚህ ዘመን ታማኝ ሽማግሌዎች ከዚህ ሕይወት ሲለዩም መስበካቸውን እንደሚቀጥሉ። ሞት ያላቋረጠውን ሥራ የአውሮፕላን ትኬት ያቋርጠዋል? ይህን ሳነብለት ልጁ ሳቀ።

"ሽማግሌ" ስል ትዝ ያለኝ፣ ወንድ ሚስዮናውያንን የምንጠራው በዚህ ማዕረግ ነው፤ ልጁ ሲሄድ ግን ገና 18 ዓመቱ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስንተረጉምላት አያቴ "ሽማግሌ? ይሄ?" ብላ እስክታነባ ስቃለች።

አሥራ አራቱ ቀን ሲያልቅ የካስማ ፕሬዚዳንቱ፣ የአካባቢው ጉባኤዎች መሪ፣ በቪዲዮ ደውለው ለቀቁት። ሰሌዳዋን ፈቶ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ ላይ ወጣ፣ እኔም የቀረብኝን ሁሉ ሳምኩት። ቁምጣውን ግን ያን ቀን በሱሪ ለውጦት ነበር።

ከሳምንት በኋላ ማታ አራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ፊሊፒንስ ቀትር ነው። ሲያስተምራቸው የነበረ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ከአዲሶቹ ሚስዮናውያን ጋር በአንድ ስክሪን። አዲሶቹ የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ከሱ ይልቅ ቋንቋውን ያውቃሉ። አሮጊቷ ግን መዝጊያ ጸሎቱን እሱ ካላደረገ አሉ። በሴቡዋኖ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ጀመረ። መሃል ላይ ኔትወርኩ ተያዘ፣ የሁሉም ፊት ደረቀ። እሱ ዓይኑን ጨፍኗልና አላየም። እኔ ከሶፋው ሆኜ አየሁ፣ ዝም አልኩ። እስከ መጨረሻው ጸለየና ብቻውን "አሜን" አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ ስክሪኑ እንደ ደረቀ ነው። ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ያኔ ምስሉ ተንቀሳቀሰ፣ ከወዲያ ማዶ የአሮጊቷ ድምፅ ዘግይቶ ደረሰ። "አሜን።"