በአሜሪካ ደቡብ ብርድና በረዶ እንዴት ይተነበያል?

ከቴክሳስ እስከ ካሮላይና በተዘረጋው የአሜሪካ ደቡብ የብርድ ወራት ትንበያ የሚሠራ ሰው ዋና ጣጣው ብርዱ ራሱ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር እየመጣ መሆኑ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በፊት ይታወቃል። የሚያስቸግረው ያ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ጋር የትና መቼ እንደሚገናኝ መለየት ነው። ከካናዳ የሚወርደው አየር ደረቅ ነው፤ ደመናውን ጠርጎ ይመጣል። ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው እርጥበት ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አትላንታም ሆነ ዳላስ በአብዛኛው የሚያዩት ወይ ደረቅ ብርድ ወይ ቀዝቃዛ ዝናብ ነው። በረዶ የሚጥለው ሁለቱ በሚነካኩበት ጠባብ ቀጠና ላይ ሲሆን፣ ያ ቀጠና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተንሸራተተ የአንድ ከተማ ትንበያ እንዳለ ይገለበጣል።

አሥር ቀን ሲቀረው ባለሙያ የሚያየው የአየር ግፊቱን አቀማመጥ እንጂ የበረዶውን መጠን አይደለም። አላስካና ምዕራብ ካናዳ ላይ ከፍተኛ ግፊት ሲቆም የአርክቲክ አየር ከሮኪ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ያለውን ሜዳ ይዞ ወደ ቴክሳስ ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ የሚያግደው ተራራ የለም። ግሪንላንድ አካባቢም ተመሳሳይ ግፊት ከተተከለ ብርዱ ቶሎ አይለቅም። በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ከሰሜን ዋልታ በላይ ያለው ስትራቶስፌር፣ ማለትም ከደመናው ከፍታ በላይ ያለው የአየር ንብርብር፣ በድንገት ሞቆ ነበር። ፌብሩወሪ 16 ቀን ደግሞ ዳላስ ፎርትዎርዝ ላይ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ። አንዱ ሌላውን ምን ያህል አመጣው የሚለው አሁንም ያከራክራል፤ ምልክቱን ግን ቸል የሚል ባለሙያ የለም።

በዚህ ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው “አትላንታ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር በረዶ” የሚል ካርታ ዋጋ የለውም። የአንድ ሞዴል፣ ማለትም በኮምፒዩተር የሚሰላ ትንበያ፣ የአንድ ጊዜ ውጤት ነውና፤ ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል በቀን አራት ጊዜ ስለሚሠራ ከስድስት ሰዓት በኋላ በረዶውን ወደ ቴነሲ ሊወስደው ይችላል። ቁም ነገር ያለው መነሻ መረጃውን በጥቂቱ እያዛነፉ ደጋግመው በሚሠሩት ስብስብ ትንበያዎች ላይ ነው። የአሜሪካው ስብስብ 31፣ የአውሮፓው 51 አባላት አሉት። አብዛኞቹ ወደ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ጉዳዩ መክበድ ይጀምራል።

ሦስት ቀን ሲቀር ጥያቄው ከመሬት ወደ ላይ ይወጣል። መሬት ላይ ዜሮ ዲግሪ መሆኑ ብቻውን ምን እንደሚወርድ አይነግርም። ከፎርትዎርዝ፣ ከበርሚንግሃም አካባቢና ከአትላንታ በስተ ደቡብ ካለችው ፒችትሪ ሲቲ በየ12 ሰዓቱ የሚለቀቁት ፊኛዎች የአየሩን ሙቀት በየከፍታው ይለካሉ። ከደመናው እስከ መሬት ሁሉም ከዜሮ በታች ከሆነ በረዶው እንዳለ ይወርዳል። 1,500 ሜትር አካባቢ ሞቃት ንብርብር ከገባና ሙቀቱ ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ በረዶው ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ከሥሩ ያለው የቀዝቃዛ አየር ውፍረት ነው። ወፍራም ከሆነ ጠብታው እየወረደ ረግቶ የበረዶ ጠጠር ይሆናል። ስስ ከሆነ ግን እንደ ዝናብ ወርዶ አስፋልት፣ ቅርንጫፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲነካ ይረጋል፤ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር የሚያህል ግግር ቅርንጫፍ መስበር ይጀምራል። የደቡብ ጥዶች ደግሞ ቅጠላቸውን ስለማያራግፉ ብዙ ይሸከማሉ፤ ሲወድቁም ሽቦ ይዘው ነው።

ስልክ ላይ 3 ዲግሪ አይቶ “ዝናብ ነው” የሚል ሰው የሚሳሳተው አየሩ ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ስለማያይ ነው። ጠብታ በደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ ይተናል፣ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ግምቱን ማንም ሊያሰላው ይችላል፦ በአየሩ ሙቀትና በጤዛ ነጥቡ (በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ መለወጥ በሚጀምርበት ሙቀት) መካከል ያለውን ልዩነት ለሦስት አካፍሎ ከአየሩ ሙቀት መቀነስ። ሙቀቱ 3፣ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች 8 ከሆነ ልዩነቱ 11 ነው፤ ሲሶው 3.7 ገደማ። ስለዚህ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 0.7 ይወርዳል። የዚሁ ደረቅነት ሌላ ገጽታው ራዳሩ በረዶ እያሳየ መሬት ላይ ምንም አለመውረዱ ነው፤ አየሩ እስኪረጥብ ድረስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በእነዚያ ሰዓታት “ትንበያው ውሸት ነው” የሚባለው ብዙውን ጊዜ ተቸኩሎ ነው።

ጆርጂያና ካሮላይና የራሳቸው የሆነ ችግር አለባቸው። ኒው ኢንግላንድ ላይ ከፍተኛ ግፊት ሲቀመጥ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ከባድ ቀዝቃዛ አየር የአፓላቺያን ተራሮችን መሻገር ስለማይችል በምሥራቅ ጎናቸው እየተከማቸ ወደ ደቡብ ይፈሳል። ያኔ አቴንስና ጌንስቪል ላይ ዝናቡ እየረጋ፣ በዚያው ሰዓት በምዕራብ ጆርጂያ ያለችው ሮም ተራ ዝናብ ልታይ ትችላለች። አትላንታ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ናት። ሞዴሎች ይህን የታቆረ አየር ቶሎ የማስለቀቅ ልማድ ስላላቸው፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ከሞዴሉ ዝቅ ያለ ሙቀት ይጽፋል። ሆኖም ውሃ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፤ ከሰሜን ምሥራቅ አዲስ ደረቅ አየር ካልመጣ ሙቀቱ ራሱ ዜሮ ደርሶ መርጋቱ ይቆማል።

ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ አጠገብ ደግሞ ወሳኙ የዝቅተኛ ግፊቱ መንገድ ነው። ወደ ባሕሩ ርቆ ካለፈ እርጥበቱ አይደርስም፤ ዳርቻውን ታክኮ ካለፈ ሙቀት ያስገባል። ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ሁሉም ገጠመ፦ ጥልቅ የአርክቲክ አየር ቀድሞ ገብቶ ነበር፣ ዝቅተኛ ግፊቱም ተስማሚውን መንገድ ያዘ። የኒው ኦርሊንስ አየር ማረፊያ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር በረዶ ለካ። በፍሎሪዳ ሚልተን 9.8 ኢንች ተመዘገበ። በሉዊዚያና የሌክ ቻርልስ የትንበያ ጽሕፈት ቤትም በታሪኩ የመጀመሪያውን የብሊዛርድ (በኃይለኛ ነፋስ የታጀበ የበረዶ ማዕበል) ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ብዙ በረዶ ግን ለብዙ ጉዳት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 አትላንታ ላይ የወረደው 2.6 ኢንች ብቻ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከንጋት በፊት ወጥቷል፤ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ግን እንደወትሮው ተከፈተ። እኩለ ቀን ገደማ በረዶው ሲጀምር ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ወጣ። ጎማ የረገጠው በረዶ ቀልጦ ወዲያው ረጋ፣ ጨው የሚበትኑት መኪናዎች ራሳቸው ሰልፉ ውስጥ ተያዙ፣ ልጆችም ትምህርት ቤትና አውቶቡስ ውስጥ አደሩ። ጨውም ገደብ አለው። ከበረዶው በፊት መንገድ ላይ የሚረጨው 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለበት ውሃ፣ ማዕበሉ በዝናብ ከጀመረ ይታጠባል፤ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስም ጉልበቱ ይደክማል። ድልድይ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ለሊት ለሊት ኡበር ወይም ጭነት መኪና የሚያሽከረክር ሰው ብላክ አይስን፣ ማለትም አስፋልት ላይ የማይታየውን ስስ ግግር፣ መጠበቅ ያለበት መጀመሪያ እዚያ ነው።

የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት “ዊንተር ስቶርም ዎች” (የክረምት ማዕበል ሊመጣ ይችላል፣ ተጠባበቁ) ሲል አደጋው የመድረስ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው ማለቱ ነው፤ ወደ “ዋርኒንግ” (ማስጠንቀቂያ) ሲለወጥ 80 በመቶ ደርሷል። ለብርድ ብቻ የሚወጡት ስሞች ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ተቀይረዋል፤ “ዊንድ ቺል ዋርኒንግ” (ነፋስ ያባባሰው ብርድ ማስጠንቀቂያ) ይባል የነበረው አሁን “ኤክስትሪም ኮልድ ዋርኒንግ” (የከፋ ብርድ ማስጠንቀቂያ) ነው። ከስልኩ ነጠላ ቁጥር ይልቅ በአገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምቶች ማየት ይበጃል። ዝቅተኛው ዜሮ፣ ከፍተኛው 5 ኢንች ከሆነ “2 ኢንች” የሚለው ቁጥር ትርጉሙ “ገና አልለየም” ነው።

ለቤት የሚያስፈራው ቁጥር 20 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7 ሴልሺየስ ነው። በደቡብ ብዙ ቤቶች የውሃ ቧንቧቸው በጣሪያ ሥር ወይም በውጭው ግድግዳ በኩል በቂ መሸፈኛ ሳይኖረው ስለሚያልፍ ይረጋል። የውጭውን የአትክልት ጎማ መንቀል፣ በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን ቧንቧ ቀጭን አድርጎ ማንጠባጠብ፣ ከሲንክ ሥር ያለውን ቁም ሣጥን መክፈት፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ከመምሸቱ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል። ቧንቧ የሚያፈሰው ሲረጋ ሳይሆን ሲቀልጥ በመሆኑ፣ ውሃ ከጠፋ ሰው ቤት ሳይኖር ማቅለጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ የሚመጣው አደጋ ከብርዱ ይብሳል። በ2021 በቴክሳስ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ከሞቱት መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆችም ነበሩ። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጣል። ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥቶ መሞቅ በሩ ቢከፈትም አይሆንም። የቡና ከሰልም ለማሞቂያ ተብሎ በተዘጋ ቤት አይያያዝም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የሚነግረው በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ብቻ ነው።