የመኪና ሪሞት ቁልፍ ምትክ ማሠራትና ኮድ ማድረግ፦ የቶዮታ መኪኖች ዳሰሳ

ቁልፉ የጠፋበት ወይም የተሰበረበት ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ቁልፍ ሥሩልኝ»። በእጁ የነበረው ግን ሦስት ነገር ነው። አንዱ በር የሚከፍተውና ማስነሻውን የሚያዞረው የተቀረጸ ብረት ነው። ሌላው በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረው፣ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው። ሦስተኛው በሩን ከርቀት የሚቆልፈውና የሚከፍተው ሪሞት ነው። ሦስቱ በአንድ ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይኑሩ እንጂ አንዱ ለሌላው አይሠራም። ብረቱ በማሽን ይቀረጻል፣ ቺፑ ኢሞቢላይዘሩ ላይ (ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክለው ክፍል) ይመዘገባል፣ ሪሞቱ ደግሞ በበር መቆለፊያው ተቀባይ ላይ ለብቻው ይመዘገባል። ገንዘብ የሚባክነው በአብዛኛው እነዚህ ሲደባለቁ ነው፤ የአንዱ ችግር በሌላው ይታከማል።

ቺፑ ባትሪ የለውም። በማስነሻው አፍ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲገባ ሽቦው በ125 ወይም በ134.2 ኪሎኸርትዝ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቺፑም ኃይሉን ከዚያው ወስዶ ራሱን ያስታውቃል። መልሱ ካልተመዘገበ ሞተሩ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። በአውሮፓ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል። የጃፓን ገበያ ከሆኑት የቀድሞ ቪትዞች መካከል ግን ኢሞቢላይዘር የሌላቸው አሉ፤ ለእነዚህ ብረቱን ማስቀረጽ ብቻ ይበቃል። ለማወቅ ቁልፉን አውጥቶ ዳሽቦርዱን ማየት ነው። የመኪናና የቁልፍ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኢሞቢላይዘር አለ፤ ያለ ቺፕ መኪናው አይነሳም።

ቶዮታ መጀመሪያ የተጠቀመበት 4ሲ የተባለው ቺፕ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር የሚናገር ነበር። ከዚያ የመጣው 4ዲ መኪናው ለሚልክለት ጥያቄ በ40 ቢት ምስጢር አስልቶ ይመልሳል። ይህን ምስጢር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ሰብረውታል፤ ዛሬ የቁልፍ ባለሙያ 4ዲ ቺፕን በማሽን መገልበጥ የቻለው ከዚህ የተነሳ ነው። ቀጥሎ ባለ 80 ቢቱ ጂ፣ ከዚያም ባለ 128 ቢቱ ኤች መጡ። በብዙ የቶዮታ ቁልፎች ብረት ላይ፣ ከፕላስቲኩ ሥር፣ ነጥብ ወይም የእንግሊዝኛ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ነጥብ 4ዲ ነው፣ ፊደሎቹ ጂ እና ኤች ናቸው። ቺፕ ከመግዛት በፊት ይህን ምልክት ማየት ያሻል፤ ጂ የሚጠብቅ መኪና 4ዲ ቢሰጡት በምንም ማሽን አይቀበልም።

ሪሞቱ በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ ሞገዱም እንደየገበያው ይለያያል። ለሰሜን አሜሪካ የተሠሩት በ315 ሜጋኸርትዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠሩት በ433.92፣ የጃፓን የውስጥ ገበያዎቹ ደግሞ ከ312 እስከ 315 ባለው ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ልዩነት በየዕለቱ ሰው ያሳስታል፤ ከዱባይ የገባ ያሪስና ከጃፓን የገባ ቪትዝ ጎን ለጎን ይቆማሉና። አሜሪካ ያለ ዘመድ «የያሪስ ሪሞት» ብሎ በሻንጣ የሚልከው ዕቃ መልኩም መጫኛዎቹም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዱባይ በመጣው ያሪስ ግን ለዘላለም አይሠራም፤ አንዱ በ315 ይናገራል፣ ሌላው በ433 ያዳምጣል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚገዛ ሰው ከሞዴሉ ስም ይልቅ በአሮጌው ሪሞት ጀርባና በውስጡ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በፎቶ ቢያስልክ ይሻለዋል። አሮጌው ከሌለ የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይናገራል።

ሪሞት አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ባትሪ ድንጋዩ ነው። በላዩ ያለው ቁጥር መጠኑን ይናገራል፤ ሲአር2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ሲአር2016 ደግሞ በስፋት እኩል ሆኖ ውፍረቱ 1.6 ብቻ ነው። ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ ካስገቡት ይላቀቅና አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። አዲስ ድንጋይ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል፤ ከ2.7 በታች ከወረደ መቀየር ነው። ድንጋዩ ደህና ሆኖ የማይሠራ ከሆነ የመጫኛዎቹ ብየዳ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ወድቆ የሚያውቅ ሪሞት ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ በጥሩ ካውያ በጥቂት ደቂቃ ይስተካከላል።

የ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላና በዚያ ዘመን የወጡ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ሪሞት ያለ ምንም ማሽን በእጅ ይመዘገባል። ሲጀመር የሾፌሩ በር ይከፈት፣ ሌሎቹ ይዘጉ፣ ቁልፉ ከማስነሻው ውጭ ይሁን። ቁልፉን በ5 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስገብተው ያውጡ። በ40 ሰከንድ ውስጥ የሾፌሩን በር ሁለት ጊዜ ዘግተው ይክፈቱ። ቁልፉን አንድ ጊዜ አስገብተው ያውጡ፤ እንደገና በ40 ሰከንድ ውስጥ በሩን ሁለት ጊዜ ዘግተው ይክፈቱ። አሁን ቁልፉን አስገብተው በሩን ይዝጉና ማስነሻውን ወደ «ኦን» አዙረው ይመልሱ፤ ሞተሩን ግን አያስነሱ።

እዚህ ላይ ስንት ጊዜ እንዳዞሩ ወሳኝ ነው። አንድ ጊዜ ከሆነ አዲሱ ሪሞት በነበሩት ላይ ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ከሆነ የነበሩት ሁሉ ይጠፉና አዲሱ ብቻ ይገባል። ሦስት ጊዜ ከሆነ መኪናው የተመዘገቡትን ሪሞቶች ቁጥር ያህል መቆለፊያውን ዝግ ብሎ እያንቀሳቀሰ ይቆጥርልዎታል። ቁልፉን ሲያወጡ መቆለፊያው በመጨመር አንዴ፣ በማጥፋት ሁለቴ ቆልፎ በመክፈት ይመልሳል። ከዚያ የሪሞቱን መቆለፊያና መክፈቻ አንድ ላይ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ተጭነው ይልቀቁ፤ ወዲያው መቆለፊያውን ብቻ ይጫኑ። መኪናው አንዴ ከመለሰ ተመዝግቧል፤ ሁለቴ ከመለሰ አልተቀበለም፣ ከሪሞቱ መጫን ጀምረው ይድገሙ። እስከ 4 ሪሞት ይይዛል። ቅደም ተከተሉ በሞዴልና በዓመት ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ የመኪናውን ማወቅ ያስፈልጋል።

መኪናው ምንም ካልመለሰ ሪሞቱን ከመጠርጠር በፊት በሩን ይመልከቱ። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው በበር ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ በሩ ሲከፈት የውስጥ መብራት የማይበራ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ምንም አላየም። በደንብ ያልተዘጋ የኋላ በርም ሥራውን ያቋርጣል። ሌላው በእኛ አገር የሚበዛው ነገር መኪናው ከፋብሪካ ሪሞት የሌለው ሆኖ ሴንትራል ሎክ ወይም አላርም በኋላ የተገጠመለት መሆኑ ነው። የዚያ ሪሞት ከቶዮታ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዳሽቦርዱ ሥር የተቀበረችውን የአላርም ሳጥን ፈልጎ በራሷ መመዝገቢያ መጫኛ ሪሞቱን ማስገባት ነው።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በሁለት ጊዜው ማዞሪያ የቀድሞዎቹን ሪሞቶች ማጥፋቱ ብልህነት ነው፤ ግን እዚያ ካቆመ ግማሹን ብቻ ሠርቷል። ከሪሞቱ ዝርዝር የወጣ ቁልፍ ቺፑ እስካልተሰረዘ ድረስ ሞተሩን ያስነሳል። ለዚህ ቺፖቹም ከኢሞቢላይዘሩ መጥፋትና በእጅ ያሉት ብቻ እንደገና መመዝገብ አለባቸው።

የቺፕ ምዝገባ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በወጡ አንዳንድ ቶዮታና ሌክሰሶች በፔዳል ይቻል ነበር። ዋናው ቁልፍ ሳይዞር ገብቶ የነዳጅ መስጫው በ15 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ይረገጣል፣ ፍሬኑ በ20 ሰከንድ ውስጥ 6 ጊዜ፤ ዋናው ወጥቶ አዲሱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይገባል፣ ነዳጅ መስጫው አንዴ ይረገጣል፣ ከዚያ መብራቱ እስኪጠፋ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ይህ የሚሠራው በዋናው ቁልፍ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግራጫ ራስ ያለው ተጠባባቂ ቁልፍ ሞተር ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ ማስመዝገብ አይችልም። በኋላ በወጡት መኪኖች ሥራው በመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት በኩል በማሽን ይሠራል፤ የቶዮታው ቴክስትሪም ወይም እንደ ኤክስሆርስና አውቴል ያሉት። በሥራው መካከል የመኪናው ባትሪ ቢወርድ ምዝገባው ይቋረጣልና ከ12 ቮልት በታች የሆነ ባትሪ ላይ አይጀመርም፤ መብራት፣ ቴፕና ማቀዝቀዣ ይጠፋሉ።

ቢያንስ አንድ የሚሠራ ዋና ቁልፍ ካለ ሁለተኛውን መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሁሉም ከጠፉ ነገሩ ይለወጣል። በብዙ 4ዲ እና ጂ መኪኖች ማሽኑ ኢሞቢላይዘሩን ባዶ ለማድረግ 16 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ቁልፍ ማዞሪያውና ሶኬቱ በዚያ ጊዜ አይነኩም። በአንዳንዶቹ የኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ወጥቶ፣ 8 እግር ያላት የማስታወሻ ቺፕ ተነብባ መጻፍ አለባት፤ ይህን የሚሠራ ሰው ከመንካቱ በፊት የነበረውን መረጃ ቅጂ ካልያዘ መኪናው እዚያው ቆሞ ሊቀር ይችላል። የሞተር ኮምፒዩተር ከሌላ መኪና ከተቀየረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ በብዙ ቶዮታ የሶኬቱን 4 እና 13 ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ማስነሻውን «ኦን» ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ኮምፒዩተሩንና ኢሞቢላይዘሩን ያስማማል። ቀዳዳ 16 ከባትሪ የሚመጣ ቀጥታ ኃይል ስለሆነ ሽቦው እሱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ባዶ ሽፋን ገዝቶ ራሱ የሚቀይር ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፦ ቺፑ በአሮጌው ፕላስቲክ ውስጥ ተጣብቃ የምትቀር ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ናት። ከአሮጌው ሽፋን ጋር ከተጣለች በሩ በሪሞት ይከፈታል፣ ብረቱ ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ብረቱንም በተመለከተ ያረጀ ቁልፍ ሲገለበጥ መበላቱም አብሮ ይገለበጣል። ከመኪናው ጋር የተሰጠችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ካለ በእሱ ማስቀረጽ የፋብሪካውን ልክ ይመልሳል።

አዲሱን ቁልፍ ሲሞክሩ አሮጌውን ከመያዣው አውጥተው ያርቁ፤ ሁለት ቺፖች ተጠግተው ከቆሙ ሽቦው የአሮጌውን ሊያነብ ይችላል፣ ያልተመዘገበውም የተመዘገበ ይመስላል። ጨዋ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊብሬና መታወቂያ ይጠይቃል፤ መጠየቁ ሊያስቆጣ አይገባም።

ስማርት ቁልፍ፣ ማለትም በኪስ እንዳለ መኪናውን በመጫኛ ለማስነሳት የሚያስችለው፣ በተመሳሳይ መንገድ ቢመዘገብም አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፦ በአንድ ቶዮታ ላይ ከተመዘገበ በኋላ ውስጡ በልዩ ማሽን ካልተከፈተ ለሌላ መኪና አያገለግልም። ርካሽ ያገለገለ ስማርት ቁልፍ ከመግዛት በፊት «ተከፍቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ድንጋዩ ሲያልቅ መኪናው አይቆምም፤ ፍሬን ረግጦ የቁልፉን አርማ ያለበትን ጎን ወደ ማስነሻው መጫኛ ማስጠጋት ይበቃል፣ በሩንም በውስጡ በተሸሸገው ብረት መክፈት ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ስማርት ቁልፍ አላቸው፤ እንደ ቢዋይዲ ባሉት የካርድና የስልክ ቁልፍም ይጨመራል። በእነዚህ መኪኖች ግዢ ላይ ካርዶቹን ቆጥሮ መረከብና የሻጩ አካውንት ከመኪናው እንዲወጣ ማድረግ የውሉ አካል መሆን አለበት።